በልክ የሚሰፋ መድኃኒት

ነርሷ በየቀኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ትመጣለች። ታማሚው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ሁልጊዜ ያንኑ። ከዚያ ከ100 ጀምሮ አሥር አሥር እየቀነሰ ይቆጥራል፣ የምታሳየውን ዕቃ ስም ይጠራል፦ ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ቁልፍ። ሰኞ የጻፈው ቀጥ ያለ ነው። ረቡዕ ፊደሎቹ መንሻፈፍ ይጀምራሉ። ሐሙስ መስመሩ ተንሸራቶ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፤ እሱ ግን አሳምሮ የጻፈ ይመስለዋል። ሐኪሞቹ ይህን ካዩ አይቆሙም፣ ይሯሯጣሉ።

ቦታው የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳይመስላችሁ። የደም ካንሰር ክፍል ነው። ጽሑፉን የሚከታተሉት ለሰውየው የሰጡት መድኃኒት በሕይወት ያለ ነገር ስለሆነ ነው፤ ገብቶ ይባዛል፣ ይዋጋል፣ ጦርነቱ ሲጋጋል ደግሞ አንጎልንም ይነካል። እጅ ከምላስ በፊት ያሳብቃል።

መድኃኒቱ ካር-ቲ ይባላል። በቴሌግራም "የደም ካንሰር መድኃኒት ተገኘ" የሚል መልእክት ሲዞር ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለዚሁ ነው። ወሬው ውሸት አይደለም። ግን ተቆርጦ የቀረ ነገር አለው፣ እሱም ዋናው ነገር ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ሥራው ዘበኝነት ነው፤ በቫይረስ የተያዘ ሴል እየፈለገ ይገድላል። ካንሰር ላይ ግን ይሸወዳል። ካንሰር ከውጭ የመጣ ሌባ ሳይሆን የቤት ልጅ ነዋ፣ የራሳችን ሴል ነው ያመፀው። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ ዘበኛውን ወስደው አዲስ ዓይን ገጠሙለት። ከታማሚው ክንድ ደም ይወጣል፣ በማሽን ያልፋል፣ ነጭ ሴሎቹ ተለይተው ይቀራሉ፣ ሌላው ደም ወደ ሰውየው ይመለሳል። ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። የተለዩት ሴሎች ፋብሪካ ይላካሉ። እዚያ ከኤችአይቪ ቤተሰብ የተሠራ፣ ግን መባዛት እንዳይችል የተደረገ ቫይረስ አዲስ ጂን ተሸክሞ ይገባባቸዋል። ጂኑ ከሴሉ ላይ አንድ አንቴና ያበቅላል። አንቴናው የሚፈልገው ሲዲ19 የሚባል ምልክት ነው። ይህ ምልክት ቢ ሴል በሚባሉት ሌሎች ነጭ ሴሎች ላይ አለ፤ ከነሱ በሚነሳው ሉኪሚያና ሊምፎማ ላይም አለ። የተለወጡት ሴሎች ይባዛሉ፣ በብርድ ይቆያሉ፣ ወደ ሆስፒታሉ ይመለሳሉ። ታማሚው ለአዲሶቹ ቦታ የሚያስለቅቅ ኬሞ ለጥቂት ቀናት ይወስዳል። በቃ፣ ይሰጠዋል።

የሚሰጠው ነገር ትንሽ ከረጢት ናት። ሁላችንም ከምናውቀው የግሉኮስ ከረጢት ታንሳለች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ታልቃለች። ለዚያ ሁሉ ሳምንትና ገንዘብ "ይቺው ናት?" የሚል ቤተሰብ ቢኖር አይፈረድበትም።

እንግዲህ ይህ መድኃኒት ልብስ ቢሆን ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ የሚሰፋ ዓይነት ነው። ልክ ይወሰዳል፣ ጨርቁ የራስህ ነው፣ ለጎረቤት አይሆንም፣ ሰፊውም "ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ና" ይልሃል። የበዓል ልብስ ቢዘገይ በአሮጌው ይዋላል። ያገረሸ ሉኪሚያ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ሴሎቻቸው ፋብሪካ እያሉ ያረፉ ታማሚዎች አሉ። ከብዙ ኬሞ በኋላ ሴሎቻቸው ከመድከማቸው የተነሳ ፋብሪካው ሊያባዛላቸው ያልቻለም አሉ። ቴሌግራሙ ላይ ተቆርጦ የቀረው ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ዋጋውም፣ ወረፋውም፣ ከእኛ አገር መራቁም አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእስራኤል ቫይዝማን ተቋም ዘሊግ ኤሽሃርና ባልደረቦቹ ቲ ሴል ላይ ሰው ሠራሽ ዓይን መግጠም እንደሚቻል ያሳዩት በ1989 ነው። ሰው ላይ በደንብ እስኪሠራ ሃያ ዓመት አለፈ። በ2010 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካርል ጁን የሚመራው ቡድን ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ላለባቸው ጥቂት አዋቂዎች ሰጠ። ከነሱ የሁለቱ ካንሰር ጠፋ። በ2022 ቡድኑ ባሳተመው ጽሑፍ፣ አሥር ዓመት አልፎም የተሰጧቸው ሴሎች ደማቸው ውስጥ እየዞሩ ተገኝተዋል። አንድ ጊዜ የተቀጠረ ዘበኛ ሳይሰናበት አሥር ዓመት ማለት ነው።

ዓለም የሰማው ግን በኤሚሊ ዋይትሄድ ነው። ሉኪሚያ ሲገኝባት 5 ዓመቷ ነበር። ሁለት ጊዜ አገረሸባት። በሚያዝያ 2012፣ 6 ዓመቷ ላይ፣ ፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ካር-ቲ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ልጅ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ናላዋን አዞረው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች፣ በማሽን መተንፈስ ጀመረች። ሴሎቹ ካንሰሩን ሲያጠቁ የሚለቁት የማንቂያ ኬሚካል ሰውነቷን አጥለቅልቆት ነበር። ምርመራው ሲመጣ ከኬሚካሎቹ አንዱ፣ ኢንተርሉኪን-6 የሚባለው፣ ጣሪያ ነክቷል። እዚህ ላይ ዕድል ገባ። የካርል ጁን ልጅ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባትና፣ አባትየው ይህንኑ ኬሚካል የሚያግድ ቶሲሊዙማብ የሚባል የሪህ መድኃኒት እንዳለ ያውቅ ነበር። የካንሰር መድኃኒት አይደለም፣ ለዚህ ተሞክሮም አያውቅም። ሰጧት። በሰዓታት ውስጥ ትኩሳቱ በረደ። ኤሚሊ የነቃችው በ7ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ነው። ካንሰሩም ጠፍቷል፤ ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት።

አንድ ተመራማሪ ቤቱ ውስጥ የታመመች ልጅ ባትኖረው ኖሮ ይህ ሕክምና ምናልባት እዚያው ክፍል ውስጥ በሞት ያበቃ ነበር። አሁን ካር-ቲ የሚሰጡ ሆስፒታሎች ቶሲሊዙማብን አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ነገሩን ልብ በሉት፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በነሐሴ 2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኪምራያ በሚል ስም የመጀመሪያውን ካር-ቲ ፈቀደ። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት 75 ልጆችና ወጣቶችን ያካተተ ነበር፤ ሁሉም ሌላው ሕክምና አልሠራ ያላቸው ወይም ያገረሸባቸው። በሦስት ወር ውስጥ የ81 በመቶዎቹ ካንሰር በምርመራ የማይታይ ሆነ። ዜናው እዚህ ላይ ያቆማል። ጥናቱ ግን አያቆምም። ዓመት ሲሞላ፣ ሕክምናው ሳይከሽፍ፣ በሽታው ሳያገረሽና ሞት ሳይመጣ የቆዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሌላ ምንም ላልቀረለት ሰው ግማሽ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። "ተገኘ" ለሚለው ቃል ግን ይከብዳል።

ለምን ያገረሻል? አንዳንዴ ዘበኞቹ ቶሎ ይሞታሉ። አንዳንዴ ካንሰሩ ልብሱን ያወልቃል፤ ሲዲ19ን ይጥላል፣ ዘበኛው አጠገቡ አልፎት ይሄዳል። በጣም የገረመኝ ግን በ2018 የታተመ የአንድ የ20 ዓመት ታማሚ ታሪክ ነው። ሴሎቹ ሲዘጋጁ አንዲት የካንሰር ሴል ከቲ ሴሎቹ ጋር ተቀላቅላ ፋብሪካ ገብታ ነበር። አንዲት ብቻ። ቫይረሱ አንቴናውን ለሷም ገጠመላት፣ አንቴናው የራሷን ምልክት ሸፈነላት፣ ዘበኞቹ ሊያዩዋት አልቻሉም። ከዘጠኝ ወር በኋላ ያገረሸው ሉኪሚያ በሙሉ የሷ ዘር ነበር። የራስን ጨርቅ ማሰፋት እንዲህም ያለ ጣጣ አለው።

ዋጋ? ኪምራያ ሲወጣ 475,000 ዶላር ተባለ። ይህ የሴሎቹ ዋጋ ብቻ ነው፤ አልጋው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ ሐኪሙ አልተቆጠረም። ከዚያ ወዲህ ለሊምፎማና ማልቲፕል ማይሎማ ለሚባለው የመቅኔ ካንሰር ሌሎችም ወጡ፣ ዋጋቸውም እዚያው ገደማ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪው ሕክምናው ራሱ አልፎ አልፎ ሌላ የቲ ሴል ካንሰር ሊያስነሳ እንደሚችል በማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። ከሚያድነው አንጻር ጥቂት ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። እስካሁን ያልነው ስለ ቢ ሴል ካንሰር ነው። ካንሰሩ የተነሳው ከራሱ ከቲ ሴል ቢሆንስ? እሾህን በእሾህ ይሉት ነገር ይመጣል፣ ግን እዚህ ሁለቱም እሾሆች አንድ ዓይነት ናቸው። የቲ ሴል ሉኪሚያን ለመለየት የሚጠቅመው ምልክት ሲዲ7 ይባላል። ችግሩ፣ ሲዲ7 ጤነኛውም ቲ ሴል ላይ አለ። ሲዲ7ን የሚያሳድድ ዘበኛ ብትሠራ ካንሰሩ ጋ ሳይደርስ ገና ፋብሪካው ውስጥ እርስ በርሱ ይጨራረሳል። ከታማሚው ሴል መውሰድም አደገኛ ነው፤ የታመመውም ቲ፣ ጤነኛውም ቲ፣ ተቀላቅለው ይመጣሉ።

አሊሳ የተባለችው የእንግሊዝ ልጅ የገጠማት ይህ ነበር። ከሌስተር ናት። በ2021 የቲ ሴል ሉኪሚያ ተገኘባት፣ ኬሞው አልሠራም፣ ከመቅኔ ንቅለ ተከላው በኋላም በሽታው ተመለሰ። በግንቦት 2022፣ 13 ዓመቷ ላይ፣ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ማንም ሞክሮት የማያውቀውን ነገር አቀረበላት። ሴሎቹ የሷ አልነበሩም። ከማታውቀው ጤነኛ ለጋሽ የመጡ ናቸው።

የሌላ ሰው ቲ ሴል ሰውነትህ ውስጥ ቢገባ መላ ሰውነትህን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳብሃል። ዋሲም ቃሲም የሚባሉት ፕሮፌሰርና ቡድናቸው ያንን ለማስቆም የተጠቀሙበት መንገድ ቤዝ ኤዲቲንግ ይባላል፤ በ2016 አሜሪካ ውስጥ በዴቪድ ሊዩ ላብራቶሪ የተፈጠረ። ዲኤንኤ በአራት ፊደል የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው በሉ። የቀድሞው መሣሪያ፣ ክሪስፐር፣ መቀስ ነበር፤ ገጹን ይቆርጣል፣ ተመልሶ ሲጣበቅ አንዳንዴ ይጣመማል። ቤዝ ኤዲቲንግ አይቆርጥም። አንዷን ፊደል ወደ ሌላ ይለውጣል። ፊደሏ በትክክለኛው ቦታ ከተለወጠች ዓረፍተ ነገሩ መሃል አራት ነጥብ እንደማስገባት ነው። ሴሉ ያንን ጂን እያነበበ መጥቶ እዚያ ሲደርስ "አለቀ" ብሎ ይተወዋል። ጂኑ አለ፣ ግን አይነበብም።

በአሊሳ ሴሎች ላይ ሦስት ቦታ አራት ነጥብ ገባ። አንደኛው፣ የለጋሹ ሴል የአሊሳን ሰውነት እንዳያጠቃ የተፈጥሮ ዓይኑን አጠፋበት። ሁለተኛው ሲዲ7ን አጠፋ፣ ዘበኞቹ እርስ በርስ እንዳይበላሉ። ሦስተኛው ሲዲ52 የሚባለውን አጠፋ፤ ይኼኛው ልጅቷ የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ዘበኞቹን ራሳቸውን እንዳይገድል ነው። ከዚያ በላይ ሲዲ7ን የሚያሳድደው አንቴና ተገጠመ። አራት ለውጥ፣ አንድ ሴል።

በ28 ቀን ካንሰሩ አልታይ አለ። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። እነዚህ ሴሎች ካንሰሩንም፣ የልጅቷን ጤነኛ ቲ ሴልም ጠራርገው ስለሚጨርሱ ታማሚው ያለ ምንም መከላከያ ይቀራል። ጉንፋን እንኳ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ መቅኔ ተተከለላት። ሦስት ዓመት አለፈ፣ አሊሳ ጤነኛ ናት፣ ሳይንቲስት መሆን ትፈልጋለች። በታኅሣሥ 2025 ቡድኑ ያቀረበው ውጤት እሷን ጨምሮ በ11 ሰዎች ላይ ነው። 82 በመቶው ካንሰራቸው በጥልቅ ምርመራ እንኳ የማይታይበት ደረጃ ደርሰው ወደ ንቅለ ተከላ ማለፍ ቻሉ፤ 64 በመቶው ከበሽታው ነፃ እንደሆኑ ናቸው። 11 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። ግን ሁሉም ሌላ አማራጭ ያለቀባቸው ነበሩ።

እኔን የሳበኝ ከቁጥሩ ይልቅ ከረጢቱ ነው። ከአንድ ለጋሽ የተሠሩት ሴሎች ለብዙ ሰው ይሆናሉ። ተሠርተው፣ ቀዝቅዘው፣ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃሉ። ሬዲሜድ ልብስ ማለት ነው። ታማሚው ሳምንታት አይጠብቅም፣ የደከመ ሴሉን አይለምንም፣ ዋጋውም የመውረድ ተስፋ አለው።

አንድ ቅር የሚለኝ አለ። ዘበኞቹ ሬዲሜድ ይሁኑ እንጂ፣ በኋላ የሚተከለው መቅኔ አሁንም በልክ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ጉዳይ ይመጣል። በአሜሪካ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ አንድ ነጭ ታማሚ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁር 29 በመቶ ነው። መዝገቡ ውስጥ የእኛን ዘር የያዘ ሰው ጥቂት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ቴል አቪቭ ያላችሁ፣ መመዝገብ ጉንጭ ውስጥ ጥጥ አሽቶ መስጠት ነው፤ ከዚያ አይከብድም። አሁን አሁን ከወላጅ ግማሽ በሚገጥም መቅኔም ይሠራል፣ እሱ ብዙ ሰው አድኗል።

ካነሳሁት አይቀር፣ ውጭ አገር የደም ምርመራ አድርጋችሁ "ነጭ ሴላችሁ ዝቅ ብሏል" ተብላችሁ ደንግጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ብዙዎች፣ ከኢትዮጵያውያንም የተወሰንነው፣ ከተወሰነ የወባ ዓይነት የሚጠብቅ ዳፊ የሚባል የደም ባሕርይ አለን። ይህ ባሕርይ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ደም ውስጥ አነስ ብሎ እንዲታይ ያደርጋል። በሽታ አይደለም። ቤተ እስራኤላውያን ላይ በደንብ ተጠንቷል። ግን ብዙ የካንሰር ሙከራዎች "ኒውትሮፊሉ ከዚህ በታች የሆነ አይገባም" የሚል መስመር አላቸው፤ መስመሩ የተሰመረው በነጮች ልክ ነው። ለሙከራ ተመዝግባችሁ በዚህ ከተመለሳችሁ "የዳፊ ምርመራ ይደረግልኝ" በሉ።

ወደ አገር ቤት። ግሊቬክን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለአንድ የሉኪሚያ ዓይነት የሚሰጥ ኪኒን ነው፣ በ2001 ሲወጣ እሱም ተአምር ተብሎ ነበር፣ ዋጋውም አይቀመስም ነበር። ግን ኪኒን ነው። ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በእርዳታ ፕሮግራም ጥቁር አንበሳ ደርሶ ብዙ ሰው በነፃ ወስዶታል። ካር-ቲ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሴል የሚለየው ማሽን፣ እስከ መጨረሻው የማይቋረጥ ቅዝቃዜ፣ ባዶ አልጋ ያለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ቶሲሊዙማብ (ቅድም ልብ በሉት ያልኳችሁ)፣ በየቀኑ ወረቀት ይዛ የምትመጣ ነርስ ይፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሕክምናው ራሱ ሊገድል ይችላል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ደስ የማይል ነው። በሀብታም አገሮች ሉኪሚያ ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ በካር-ቲ አይደለም የሚድኑት። በድሮው ኬሞ ነው፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይቋረጥ በሚሰጥ። እኛ ጋ ልጅ የምናጣው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ በመድረስ፣ መድኃኒቱ ከፋርማሲ በመጥፋቱ፣ ወይም ከጅማና ከወለጋ ለሚመጣ ቤተሰብ አዲስ አበባ ማደሪያ በመጥፋቱ ነው። በ4 ዓመቱ በሉኪሚያ ባረፈ ሕፃን ስም የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ለታካሚዎች ማረፊያ የሚያዘጋጀው ለዚህ ነው። አልጋና ምግብ ሴል ከመለወጥ ጋር ሲተያይ ተራ ነገር ይመስላል። ዛሬ ላይ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከካር-ቲ ይልቅ ብዙ ልጅ የሚያድነው እሱ ነው ብዬ ያለ ሐፍረት እናገራለሁ።

አቅም ያለው ግን ሕንድ ይሄዳል፤ ሕንድ ደግሞ ነገሩን ቀይራዋለች። በጥቅምት 2023 የሙምባይ ቴክኖሎጂ ተቋምና ታታ መታሰቢያ የካንሰር ሆስፒታል አብረው የሠሩት ኔክስካር19 ተፈቀደ። ቫይረሱንም፣ ሴሉንም እዚያው አገር ውስጥ ይሠራሉ። ሲወጣ ዋጋው 50,000 ዶላር ገደማ ተባለ። ለአብዛኞቻችን አሁንም ቤት ሸጦ የማይሞላ ገንዘብ ነው። ግን የኪምራያ አንድ አሥረኛ ነው፤ በልክ መስፋትም ቢሆን ሰፊው ቅርብ ከሆነ እንደሚረክስ አሳይቷል።

ስለዚህ በዕቁብ፣ በጎፈንድሚ፣ በዘመድ አዝማድ ገንዘብ እየተሰበሰበ ከሆነ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሐኪሙን ወረቀት አውጡና አንዲት ፊደል ፈልጉ። የበሽታው ስም አጠገብ የእንግሊዝኛዋ "ቢ" አለች ወይስ "ቲ"? የሕንዱ ኔክስካር19 የሚያሳድደው ሲዲ19ን ነው፤ ለ"ቢ" ነው የተሠራው፣ መጀመሪያ የተፈቀደውም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለችው "ቲ" ከሆነች ያ ሁሉ ገንዘብ የሚሄደው ለሌላ ሰው ልክ ለተሰፋ ልብስ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሱና መጀመሪያ ለሚቀበላችሁ ሆስፒታል ላኩ፣ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ፣ ከዚያ ስለ ቪዛ ይታሰባል።